ለሁለትና ከዚያ በላይ ግራፊክስ ካርድ ፓወር ሰፕላይ እንዴት ይመረጣል

«ሁለት 3090 ግራፊክስ ካርድ አለኝ፣ 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃኛል?» ጥያቄው መልኩን እየቀያየረ ይመጣል፤ አንዳንዴ ካርዱ ሦስት ወይም አራት ይሆናል፣ አንዳንዴ 1000 የነበረው 850 ይሆናል። «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መመለስ የሚያስቸግረው፣ ያው 1000 ዋት ለአንዱ ዓመታት ሲያገለግል ለሌላው ሬንደሩ በተጀመረ በ10ኛው ሰከንድ ድርግም ብሎ ስለሚጠፋ ነው። ልዩነቱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይመጣም። ካርዶቹ ለቅጽበት ስንት ይስባሉ? ኤሌክትሪኩ በስንት ኬብል ይደርሳቸዋል? የግድግዳው ሶኬትስ ይችለዋል? ከታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን በቅደም ተከተል ያስወስኗችኋል።

በምሳሌነት የምንይዘው ሁለት አርቲኤክስ 3090 እና ራይዘን 9 5950ኤክስ ሲፒዩ ያለውን ማሽን ነው። ለብሌንደር ሬንደርም ሆነ ለኤአይ ሞዴል ሥራ በብዛት የሚገጣጠም ዓይነት ነው፤ የእናንተ የተለየ ከሆነ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሩ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የእያንዳንዱ ካርድ ሙሉ ሞዴል ስም፣ ከነአምራቹ። «3090» ብቻ አይበቃም፤ ያው ቺፕ በአንዱ አምራች ካርድ ላይ ሁለት ባለ 8 ፒን ፕለግ፣ በሌላው ላይ ሦስት አለው።
- የማዘርቦርዱ መመሪያ። ለካርድ ስሎቶቹ ተጨማሪ የኃይል ፕለግ አለው ወይስ የለውም የሚለው እዚያ ውስጥ ነው።
- ልትገዙት ያሰባችሁት ፓወር ሰፕላይ የጎን ተለጣፊ ጥርት ያለ ፎቶ። ሻጩ ፎቶውን ካልላከ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።
- ማስመሪያ። ትልልቆቹ ፓወር ሰፕላዮች እስከ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ፤ ኬዙ ውስጥ ኬብል የሚታጠፍበት ቦታም ጨምሩበት።
- ግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዋት የሚያነብ መለኪያ እና አንድ መልቲሜትር።
- ኤችደብሊው ኢንፎ (የካርዱን ቮልቴጅና ዋት የሚያሳይ)፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር (የካርዱን ልክ የሚያስተካክል) እና ፈርማርክ (ካርዱን በሙሉ ጭነት የሚያሠራ)። ሦስቱም በነፃ ይወርዳሉ።

ደረጃ 1፦ ድምሩን አውጡ

የካርዶቹን ይፋዊ ዋት ጻፉ። በብዛት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

- አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት፦ 170 ዋት
- አርቲኤክስ 3070፦ 220 ዋት
- አርቲኤክስ 3080 ባለ 10 ጊጋባይት፦ 320 ዋት
- አርቲኤክስ 3090፦ 350 ዋት
- አርቲኤክስ 4090፦ 450 ዋት
- አርቲኤክስ 5090፦ 575 ዋት
- አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ፦ 355 ዋት

እነዚህ የቺፕ አምራቾቹ መነሻ ልኮች ናቸው። ፋብሪካው ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ የሸጠው ካርድ ከዚህ በላይ ይስባል፤ ትክክለኛው ቁጥር በካርዱ አምራች ገጽ ላይ ይገኛል።

ለሲፒዩው ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትውሰዱ። 5950ኤክስ «105 ዋት» ተብሎ ይሸጣል፤ በሙሉ ጭነት ግን ሶኬቱ እስከ 142 ዋት ይፈቅድለታል። ስለዚህ 142 ጻፉ። ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለፋኖች በጠቅላላው 75 ዋት ያዙ።

ሁለት ጊዜ 350፣ ሲደመር 142፣ ሲደመር 75፣ 917 ዋት ይሆናል። ይህን ለ0.8 አካፍሉት፤ 1146 ይመጣል። በገበያ ላይ ከዚያ በላይ ያለው ቅርብ መጠን 1200 ነው።

ለ0.8 የምናካፍለው ለጉራ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ቀኑን ሙሉ በ95 ከመቶ ሲሠራ ፋኑ ይጮኻል፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ቶሎ ያረጃሉ፣ ለቀጣዩ ደረጃ የሚሆን መተንፈሻም አይተርፍም።

ደረጃ 2፦ ቅጽበታዊውን ዝላይ አስቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የካርድ ዋት አማካይ ነው። ካርዱ ከሥራ ፈትነት ወደ ሙሉ ጭነት ሲነሳ፣ ወይም በሥራ መሀል ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ፣ ከአማካዩ በጣም ይዘላል። 350 ዋት የተባለው 3090 ለቅጽበት ከ500 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። የግድግዳ መለኪያችሁ ይህን አያይም፤ ለእሱ በጣም ፈጣን ነው። የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ግን ያየዋል፣ «ከአቅም በላይ ተጠየቅሁ» ብሎም ሁሉንም ይዘጋል።

በሁለት ካርድ ላይ ዝላዮቹ ይገጥማሉ ወይ? በሥራው ዓይነት ይወሰናል። ጌም ወይም በተናጠል የሚሠሩ ሬንደሮች ላይ ዝላዮቹ የተበታተኑ ናቸው። ኤአይ ሞዴል በሁለት ካርድ እያካፈላችሁ የምታሠለጥኑ ከሆነ ግን ካርዶቹ እያንዳንዱን እርምጃ እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ እኩል ይዘላሉ። በተቃራኒው የሞዴሉ ንብርብሮች ለካርዶቹ ተከፋፍለው በተራ የሚሠሩ ከሆነ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠብቃል፣ የሁለቱ ድምር ሙሉ ልኩ ላይ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ሁለት ሰዎች የተለያየ መልስ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

ለሥልጠና ከሆነ እያንዳንዱን ካርድ በ1.6 አባዙትና ፈትሹት። 350 ሲባዛ በ1.6፣ 560 ነው፤ ሁለቱ 1120፣ ከሲፒዩውና ከሌላው 217 (142 ሲደመር 75) ጋር 1337 ዋት። ጥሩ የተሠራ 1200 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይህችን ቅጽበት ያሳልፋታል፣ ምክንያቱም መከላከያው የሚዘጋው ከተጻፈው ልክ በላይ ከፍ ብሎ ነው። 1000 ዋቱ ግን ቁማር ነው።

እዚህ ላይ ኤቲኤክስ 3.0 እና 3.1 የሚለው ምልክት ዋጋ አለው። በዚህ መስፈርት የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ የተጻፈበትን ልክ ሁለት እጥፍ፣ ለ1 ሚሊ ሰከንድ 180 ከመቶ፣ ለ10 ሚሊ ሰከንድ 160 ከመቶ ሳይጠፋ መሸከም አለበት። ዋጋው ከተቀራረበ ከድሮው 1200 ይልቅ አዲሱን 1200 ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሊሚቱን ወስኑ

ትልቅ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ፓወር ሊሚቱን፣ ማለትም ካርዱ የሚስበውን የዋት ገደብ፣ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። 3090ን ከ350 ወደ 280 ዋት ብታወርዱት ከፍጥነቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ የመጨረሻዎቹ 70 ዋቶች የሚያመጡት ጭማሪ ከሚያመነጩት ሙቀት ጋር አይመጣጠንም። በ280 ስታሰሉት 560፣ ሲደመር 217፣ 777 ዋት ይሆናል። ለ0.8 ሲካፈል 971። አሁን 1000 ዋቱ በቂ ሆነ።

በዊንዶውስ ላይ በአፍተርበርነር ፓወር ሊሚት የሚለውን ተንሸራታች ወደ 80 ከመቶ አውርዱ። በሊኑክስ ላይ ከኤንቪዲያ ሾፌር ጋር አብሮ የሚጫነው ኤስኤምአይ የተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ያደርገዋል። ሁለት ማሳሰቢያ አለ።

የመጀመሪያው፦ ገደቡ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በጅማሬ ላይ በራሱ እንዲተገበር ካላደረጋችሁ፣ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ካርዶቹ 350 ላይ ይነሱና ማሽኑ ሥራ ላይ እንዳለ ይጠፋል።

ሁለተኛው፦ ፓወር ሊሚት አማካዩን እንጂ ዝላዩን በደንብ አይገራም። ዝላዩን የሚቀንሰው የካርዱን ከፍተኛ ፍጥነት መቆለፍ ነው። 3090ን በይፋዊው 1695 ሜጋኸርዝ ላይ ቆልፉት፤ በራሱ ሲለቀቅ ከ1900 በላይ ይወጣል፣ ትልልቆቹ ዝላዮችም ያኔ ይመጣሉ። ሁለቱን አብራችሁ ብትጠቀሙ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ የ12 ቮልቱን መስመር አንብቡ

ካርዶችና ሲፒዩ የሚበሉት ከ12 ቮልት ነው። ተለጣፊው ላይ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙ። ደህና 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ 83 አምፔር ያህል ይጽፋል፤ 83 በ12፣ 996 ዋት። «1000 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 40 አምፔር ብቻ ካለ በእጃችሁ ያለው 480 ዋት ነው፤ ቀሪው በ3.3 እና በ5 ቮልት የተደመረ ወይም በቀለም ብቻ የተጻፈ ነው።

ተለጣፊው 12 ቮልቱን በሁለት ወይም በሦስት ከፍሎ ካሳየ ሁለቱን ካርድ በአንዱ ክፍል ላይ አትሰብስቡ። አጠቃላዩ ተርፎ እያለ ያ ክፍል ብቻውን ልኩን አልፎ ማሽኑን ያጠፋዋል። የትኛው ፕለግ የየትኛው ክፍል እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ።

80 ፕላስ፣ ብሮንዝ፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚባሉት ምልክቶች ከግድግዳ ከሚሳበው ውስጥ ስንቱ በሙቀት እንደሚባክን ነው የሚናገሩት፤ ስለ አቅም ምንም አይሉም። ጎልድ ከሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለመክፈል ማሽኑ ቀን ከሌት የሚሠራ መሆን አለበት።

ደረጃ 5፦ ፕለጎቹን ቁጠሩ

ዋቱ ተርፎ ፕለግ የሚያጥርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልኮቹ እነዚህ ናቸው፦ የማዘርቦርዱ ስሎት እስከ 75 ዋት፣ ባለ 6 ፒን ፕለግ 75፣ ባለ 8 ፒን 150፣ ባለ 16 ፒኑ አዲስ ፕለግ እስከ 600 ዋት።

ሦስት ባለ 8 ፒን የሚጠይቁ ሁለት 3090ዎች ካሏችሁ ስድስት ፕለግ ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ ለሲፒዩ አንድ ወይም ሁለት። ዋናው ጥያቄ «ስንት ፕለግ አለው» ሳይሆን «ስንት የተለያየ ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ ይወጣል» የሚለው ነው። ብዙዎቹ አንድ ኬብል ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ያለው አድርገው ይሰጣሉ።

የአንዱን ኬብል ሁለት ራስ በአንድ 3090 ላይ ብትሰኩ ምን እንደሚሆን በቁጥር እዩት። ካርዱ ከስሎቱ 70 ዋት ወስዶ 280ውን በዚያ አንድ ኬብል ይስባል። 280 ለ12 ሲካፈል 23.3 አምፔር ነው፤ 12 ቮልት የሚያመላልሱት ሦስት ሽቦዎች ናቸው፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ 7.8 አምፔር። ይህ ለፒኑ ጠርዝ ላይ ነው፣ ዝላዩም ገና አልተቆጠረም። በሁለት ኬብል ብትከፍሉት በአንድ ሽቦ 3.9 ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ከ225 ዋት በላይ ለሚስብ ካርድ የአንዱን ኬብል ሁለት ራስ አትጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ፕለግ የራሱን ኬብል ስጡት። ባለ ሦስት ፕለግ ካርድ ኖሯችሁ ኬብል ካጠረ፣ ቢያንስ ሁለት ኬብል ይድረሰው፤ ሁለተኛው ራስ የሚውለው ለሦስተኛው ፕለግ ብቻ ይሁን።

ባለ 16 ፒኑ ፕለግ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። 600 ዋት በ12 ቮልት 50 አምፔር ነው፤ በስድስት ፒን ሲካፈል 8.3 አምፔር። ፒኑ የሚችለው 9 ከምናምን ስለሆነ የሚተርፈው ትንሽ ነው። አንዱ ፒን በደንብ ካልነካ ድርሻው ወደሌሎቹ ይዛወራል፣ እነሱ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። እስከ መጨረሻው ግፉት፤ በካርዱና በፕለጉ መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። ከፕለጉ ጀምሮ ባለው የመጀመሪያ 3.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥም ኬብሉን አትጠፉት። የኬዙ ክዳን የሚጫነው ከሆነ ኬዙ ጠቧል ማለት ነው።

ሦስትና አራት ካርድ ለምትሰኩ ደግሞ፦ ስሎቶቹ የሚመገቡት በማዘርቦርዱ ባለ 24 ፒን ፕለግ ነው፤ በእሱ ላይ 12 ቮልት ያላቸው ፒኖች ሁለት ብቻ ናቸው። አራት ካርድ ከስሎት እየሳበ ሲሠራ እነዚያ ሁለት ፒኖች ሊጠቁሩ ይችላሉ። ለብዙ ካርድ የተሠሩ ማዘርቦርዶች ለዚህ ሲሉ ከስሎቶቹ አጠገብ ተጨማሪ ባለ 6 ፒን ወይም የሞሌክስ ፕለግ አላቸው። ባዶውን አትተዉት።

ማስጠንቀቂያ

የአንዱን አምራች ሞዱላር (ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል) ኬብል በሌላው ፓወር ሰፕላይ ላይ ፈጽሞ አትሰኩ። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ግን መስፈርት የለውም፣ በአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች መካከል እንኳ ሊለያይ ይችላል። ልክክ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ 12 ቮልቱን 5 ቮልት በሚጠብቅ ዲስክ ላይ ይለቀዋል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ የራሱ ኬብሎች ከሌሉ ዋጋውን በዚያ ልክ አስቡት።

የሲፒዩውን ባለ 8 ፒን በካርዱ ላይ ለማስገባት አትታገሉ። ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን 12 ቮልቱና ግራውንዱ ቦታ ተለዋውጠዋል። የሲፒዩው አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፤ የካርዱ ስድስትና ሁለት ሆኖ።

ለራይዘር (ካርዱን ከስሎቱ አርቆ ለሚያገናኘው ማራዘሚያ) የሳታ፣ ማለትም የዲስክ፣ ፕለግ አትጠቀሙ። ሳታ በ12 ቮልት 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው የሚችለው፤ ካርዱ በራይዘሩ በኩል እስከ 75 ሊጠይቅ ይችላል። የሚቀልጠው ሳታው ነው።

ደረጃ 6፦ ግድግዳውን መርምሩ

ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚጻፈው የሚሰጠው ዋት ነው፤ ከግድግዳ የሚስበው ይበልጣል። 917 ዋት በ90 ከመቶ ብቃት 1020 ዋት ያህል ይስባል። በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ 4.6 አምፔር ነው፣ ለደህና ሶኬት ምንም ማለት አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ግን በ120 ቮልት 8.5 አምፔር ነው። እዚያ የተለመደው ባለ 15 አምፔር መስመር ለረጅም ሰዓት የሚመከረው 12 አምፔር፣ ማለትም 1440 ዋት ብቻ ነው፤ 1600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ሙሉውን መጠቀም በዚያ መስመር አይቻልም። ባለ 20 አምፔር መስመር ወይም 240 ቮልት ያስፈልጋል። አንዳንድ ትልልቅ ፓወር ሰፕላዮች፣ በተለይም ከሰርቨር የወጡት፣ በ110 ቮልት ሙሉ አቅማቸውን አይሰጡም ወይም ጭራሽ አይነሱም። እነዚያው አዲስ አበባ ላይ ያለችግር ይሠራሉ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለው፣ ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩት። በ115 ላይ እያለ 220 ከገባበት በአንድ ድምፅ ያበቃለታል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በራሱ ያውቃል፣ ምንም አትንኩ።

ማሽኑን በግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰኩት። ስስ ሽቦ ያለው ዲቫይደር ላይ ከማሞቂያ ጋር አብሮ ሲሰካ መጀመሪያ የሚግለው ዲቫይደሩ ነው። ግዴታ ከሆነ የሽቦው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነውን ምረጡ። ኧርዝ የሌለው የጠፍጣፋ ፕለግ አዳፕተርም አይሆንም፤ ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ብዙ ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ማሽኑ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ፣ ምጣዱ በበራ ቁጥር ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ያንኑ ዋት ለማግኘት ብዙ አምፔር ይጠይቃል። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ከብሬከሩ ጀምሮ ለብቻው መስመር አስወጡ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ስትገዙ ቪኤን (ቮልት-አምፔርን) ከዋት ለዩ። በርካሾቹ ላይ 1500 ቪኤ ማለት ብዙ ጊዜ 900 ዋት ነው፤ የእኛ ማሽን 1020 ስለሚጠይቅ መብራት በሄደበት ቅጽበት ዩፒኤሱም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ማሽን ቢያንስ 1200 ዋት የሚሰጥ ፈልጉ፤ የሞገዱ ቅርጽም ንጹሕ ሳይን ይሁን። ሳይንን በደረጃ ብቻ የሚመስል ሞገድ የሚሰጡት ላይ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ አንዳንዴ ወደ ባትሪ ሲዞር ይጠፋል። ኤቲኤክስ 3.1 በሙሉ ጭነት ያለ ኤሌክትሪክ የመቆያ ጊዜውን ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ አውርዶታል፤ የዩፒኤሱ መዞሪያ ጊዜ ከዚያ ማነስ አለበት።

በባዮስ ውስጥ «መብራት ሲመለስ በራሱ ተነሳ» የሚለውን ምርጫ አጥፉ። መብራት እንደመጣ ቮልቴጁ ለጥቂት ጊዜ ይዋዥቃል፣ ያኔ 1000 ዋት ጭነት ይዞ መነሳት አይመከርም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከጅቡቲው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የፓወር ሰፕላዩን ፋን በትንሽ ጭነት የሚያቆመው ማብሪያ ካለ ዝጉት፣ ሁልጊዜ ይዙር። አቧራውንም በየሦስት ወሩ ንፉት።

ደረጃ 7፦ አንዱ ካልበቃ ሁለት ፓወር ሰፕላይ

አራት 3090 በሙሉ ልካቸው 1400 ዋት ናቸው። 280 ዋት የሚስብ ሲፒዩና ሌላውን 100 ስትጨምሩ 1780 ይሆናል፣ ለ0.8 ሲካፈል 2225። ካርዶቹን ወደ 250 ብታወርዱ ድምሩ 1380 ነው፤ 1600 ዋት ላይ 86 ከመቶ ይሆናል፣ በ220 ቮልት ይሠራል፣ ግን ጠርዝ ላይ ነው። ሁለት የምትጠቀሙ ከሆነ እነዚህን ጠብቁ፦

1. ሁለቱን እኩል የሚያስነሳ ማገናኛ ግዙ። የባለ 24 ፒኑን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁር ጋር በሽቦ ቁራጭ አገናኝቶ መተው ለሙከራ እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሁለተኛው በርቶ ይቀራል።
2. የአንድ ካርድ ፕለጎች በሙሉ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ይምጡ። አንዱን ፕለግ ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ማድረግ ሁለቱን በካርዱ ውስጥ ያጋጫቸዋል።
3. የራሱ የኃይል ፕለግ ያለው ራይዘር ከካርዱ ጋር በአንድ ፓወር ሰፕላይ ይመገብ።
4. ማዘርቦርድ፣ ሲፒዩና ዲስኮች ሁልጊዜ በመጀመሪያው ላይ ይሁኑ።
5. ሁለቱም ከአንድ የግድግዳ መስመርና ከአንድ ኧርዝ ይሰኩ።

ደረጃ 8፦ ግጠሙና ፈትኑ

መጀመሪያ በአንድ ካርድ ብቻ አስነሱ። ሠርቶ ካደረ ሁለተኛውን ጨምሩ፤ ሁሉንም በአንዴ ከሰካችሁ ችግሩ የማን እንደሆነ ለመለየት ሁሉንም መንቀል ይመጣል።

ሁለቱን ካርድ በፈርማርክ ለ30 ደቂቃ አሠሩ። በየ10 ደቂቃው ሦስት ነገር እዩ፦ የግድግዳ መለኪያው ከስሌታችሁ ጋር ይቀራረባል ወይ፣ በኤችደብሊው ኢንፎ ካርዶቹ ላይ ያለው 12 ቮልት ከ11.4 በታች ወርዷል ወይ፣ ፕለጎቹ በጣት ሲነኩ ይግላሉ ወይ። ለብ ማለት የተለመደ ነው፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፉና ነቅላችሁ የፒኖቹን ቀለም እዩ። የኤችደብሊው ኢንፎ ንባብ ካጠራጠራችሁ መልቲሜትሩን በትርፍ የሞሌክስ ፕለግ ቢጫና ጥቁር ሽቦ ላይ አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ፈርማርክ ግን ጭነቱ ወጥ ስለሆነ ዝላዩን አይፈትንም። ከእሱ በኋላ እውነተኛ ሥራችሁን አሠሩ፤ አስጀምሩት፣ አቁሙት፣ እንደገና አስጀምሩት፣ 20 ጊዜ ያህል። ዝላይ የማይችለው ፓወር ሰፕላይ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስህተቱን ከምልክቱ ማወቅ

ድርግም ብሎ ጠፍቶ፣ ከኋላ ያለው ማብሪያ ተዘግቶ ካልተከፈተ በቀር የማይነሳ ከሆነ፦ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ነው የዘጋው። ፍጥነቱን ቆልፉ፤ ከቆመ ዝላይ ነበር፣ ካልቆመ ድምሩን ወይም የ12 ቮልቱን ክፍፍል መልሳችሁ እዩ።

ጠፍቶ ወዲያው በራሱ የሚነሳ ከሆነ፦ ብዙ ጊዜ የግድግዳው ቮልቴጅ ለቅጽበት ወርዷል። ሌላ መስመር ላይ ሞክሩ።

ስክሪኑ ጠቁሮ የካርዱ ፋን ብቻ በሙሉ ኃይሉ የሚጮህ ከሆነ፦ ካርዱ ኃይል አጥቷል ወይም ራይዘሩ ላልቷል። ፓወር ሰፕላዩን ከመክሰሳችሁ በፊት ፕለጎቹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩ።

አንደኛው ካርድ ብቻ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ የሁለቱን ካርዶች ኬብል አቀያይሩ። ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ሌላው ካርድ ከሄደ ኬብሉ ነው፤ በዚያው ካርድ ላይ ከቀረ ካርዱ ወይም ስሎቱ።

ጭነት ሲበዛ ቀጭን የጢዝዝታ ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ የኮይል ድምፅ ነው፤ ያሰለቻል እንጂ አይጎዳም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ግን ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ኬዙን የምትከፍቱት።